ጣትንና ዜማን ያስታረቁ የፒያኖ ጥናቶች

በ1832 በጀርመኗ ላይፕሲሽ ከተማ ይኖር የነበረ አንድ የ22 ዓመት ወጣት የቀኝ እጁ ጣት አልታዘዝ አለው። ወጣቱ ሮበርት ሹማን ይባላል። እናቱ ሕግ እንዲማር ወደ ዩኒቨርሲቲ ልካው ነበር፤ እርሱ ግን የሕግ መጻሕፍቱን ትቶ ፍሪድሪሽ ቪክ ከተባለ ስመ ጥር መምህር ዘንድ ፒያኖ ለመማር ገባ። ሙሉ ጊዜውን ለፒያኖ የሰጠው 20 ዓመት ከሞላው በኋላ በመሆኑ ሌሎች በልጅነታቸው ያገኙትን ቅልጥፍና በአጭር ጊዜ ለመጨበጥ ቸኮለ። ለረጅም ሰዓት ከመለማመዱም በላይ ጣትን ያጠነክራል በተባለ መሣሪያ ተጠቀመ። ብዙም ሳይቆይ ጣቱ ደነዘዘ። የጉዳቱ ትክክለኛ መነሻ መሣሪያው ይሁን፣ ከልክ ያለፈው ልምምድ ይሁን ወይም ሌላ ሕመም፣ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የማያከራክረው ግን በመድረክ ላይ ታላቅ ፒያኒስት የመሆን ተስፋው በዚያው መቅረቱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያ ጭንቀት የሹማን ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን በመላው አውሮፓ እጅግ ብዙ ልጆችና ወጣቶች በፒያኖ ፊት ተቀምጠው ተመሳሳይ ድካም ይደክሙ ነበር። ጣት ብርቱና ቀልጣፋ የሚሆነው እንዴት ነው? ለዚህስ ሲባል የዜማውን ውበት፣ አልፎም የእጅን ጤና መሠዋት ያስፈልጋልን? ለእነዚህ ጥያቄዎች ከተሰጡት መልሶች መካከል ረጅም ዕድሜ ያገኘው “ኤትዩድ” የሚባለው አጭር የሙዚቃ ድርሰት ነው። ቃሉ ፈረንሳይኛ ሲሆን “ጥናት” ማለት ነው። ኤትዩድ አንድን የእጅ ችግር ለይቶ የሚያለማምድ ድርሰት ነው። የሮማንቲክ ዘመን በሚባለው በ19ኛው መቶ ዘመን የተጻፉት ምርጥ ኤትዩዶች ደግሞ ከዚህ አልፈው ልምምዱን ራሱን ሙዚቃ አደረጉት። ዛሬም ድረስ በዓለም ዙሪያ ፒያኖ የሚማሩ ልጆች የሚያልፉባቸው ድርሰቶች ናቸው።

የሚመታ መሣሪያ እንዴት ይዘምራል?

የኤትዩድን ጥቅም ለመረዳት በመጀመሪያ የፒያኖን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ ሲጫን፣ በውስጥ ያለ ትንሽ መዶሻ ተወርውሮ የብረት ክር ይመታል። ክሩ ይርገበገባል፤ ድምፅም ይወጣል። ይሁን እንጂ ድምፁ ከተወለደበት ቅጽበት ጀምሮ መድከም ይጀምራል። የማሲንቆ ተጫዋች ደጋኑን እየሳበ አንዱን ድምፅ ሊያረዝመው፣ ሊያጎላውና ሊያለዝበው ይችላል። ዘማሪም በትንፋሹ እንዲሁ ያደርጋል። የፒያኖ ተጫዋች ግን ቁልፉን አንዴ ከመታ በኋላ ድምፁን መልሶ ሊያጎላው አይችልም።

ስለዚህ በፒያኖ ላይ ረጋ ያለ ዜማ ሲንቆረቆር የምንሰማው ተጫዋቹ በጥበብ ስለሚያገናኘው ነው። አንዱ ድምፅ ሳይሞት ሌላው ይተካዋል። ዜማውን የሚይዘው ጣት ጠንከር፣ አጃቢው ጣት ለዘብ ይላል። የዜማው ሐረግ በሚያበቃበት ቦታ እጅ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ይህም እንደ ዘማሪ ትንፋሽ ይቆጠራል። በእግር የሚረገጠው ፔዳል ደግሞ ክሮቹ ሳይታፈኑ እንዲርገበገቡ በማድረግ ድምፆቹን ያያይዛል። ይህ ሁሉ የጣት፣ የእጅ አንጓ፣ የክንድና የጆሮ ትብብር ነው። እንግዲህ ፒያኖን ማዘመር ፍጥነትን ከመማር የማይተናነስ፣ ምናልባትም የሚከብድ ቴክኒክ ነው።

መሣሪያው ራሱም በዚያ መቶ ዘመን ተለውጧል። ፒያኖን በ1700 አካባቢ በጣሊያን ፍሎረንስ የሠራው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ ነው። የመጀመሪያዎቹ ፒያኖዎች ድምፃቸው ትንሽ፣ አካላቸውም ቀላል ነበር። በ1821 ሴባስቲያን ኤራር የፈለሰፈው አዲስ የመዶሻ አሠራር ተመዘገበ። በዚህ አሠራር ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው ሳይመለስ ያንኑ ድምፅ ደግሞ መምታት ተቻለ። በ1825 ደግሞ በአሜሪካ ቦስተን አልፊየስ ባብኮክ በአንድ ወጥ የተቀለጠ የብረት ማቀፊያ አስመዘገበ። ብረቱ የእንጨት ማቀፊያ የማይችለውን የክር ውጥረት ስለተሸከመ ወፍራም ክር መወጠርና ድምፁን ማጎልበት ተቻለ። የቁልፎቹም ቁጥር እየጨመረ ሄዶ ዛሬ የተለመደው 88 ሆነ። መሣሪያው ሲፈጥንና ሲበረታ ከተጫዋቹ የሚጠበቀውም አብሮ ጨመረ።

የደረቅ ልምምድ ፈተና

በዚሁ ጊዜ ፒያኖ ከቤተ መንግሥትና ከመሳፍንት ቤት ወጥቶ ወደ ነጋዴው፣ ወደ ሐኪሙና ወደ መምህሩ ቤት ገባ። ልጆች የሚማሩበት መጽሐፍ ተፈላጊ ሆነ፤ አሳታሚዎችም ገበያውን ለማርካት ተሽቀዳደሙ። በለንደን ይኖር የነበረው ጣሊያናዊው ሙዚዮ ክሌሜንቲ ከ1817 እስከ 1826 ባሉት ዓመታት 100 ድርሰቶችን የያዘ ታላቅ የማስተማሪያ ስብስብ በሦስት ቅጽ አሳተመ። በቪየና ካርል ቼርኒ ከ800 በላይ የኦፐስ ቁጥር የያዙ ሥራዎችን ጻፈ። ኦፐስ ማለት የአንድን ደራሲ ሥራዎች በቅደም ተከተል ለመለየት የሚሰጥ ቁጥር ነው። ከቼርኒ ሥራዎች ብዙዎቹ ፍጥነትን፣ እኩልነትንና የጣት ነፃነትን ለማለማመድ የታሰቡ ናቸው።

ስለ ቼርኒ ሲነገር ሚዛን መጠበቅ ይገባል። ብዙ ተማሪዎች ስሙን ከመሰልቸት ጋር ያያይዙታል። ሰውዬው ግን በልጅነቱ የቤትሆቨን ተማሪ ነበር፤ በኋላም ሕፃኑን ፍራንዝ ሊስትን ያለ ክፍያ አስተምሯል። ሊስት ከዘመኑ ፒያኒስቶች ሁሉ የገነነ ከሆነ በኋላ እጅግ ከባድ የሆኑትን 12 ኤትዩዶቹን ለዚሁ ለቀድሞ መምህሩ መታሰቢያ አድርጎ አበርክቷቸዋል። የቼርኒ መጻሕፍት የሚጎዱት ተማሪው ጆሮውን ዘግቶ ጣቱን ብቻ ሲያንቀሳቅስባቸው ነው።

እውነተኛው አደጋ እጅን እንደ ማሽን የማየት ሐሳብ ነበር። በ1814 ዮሐን ቤርንሃርድ ሎጂየር የተባለ መምህር የተማሪውን እጅና ጣቶች በቦታቸው ይዞ የሚያቆይ መሣሪያ አስመዘገበ። በፓሪስ ታዋቂው ፒያኒስት ፍሪድሪሽ ካልክብሬነር ክንድ የሚያርፍበት የእንጨት ዘንግ ከቁልፎቹ ፊት እንዲገጠም ያስተምር ነበር። የሐሳቡ መሠረት ክንድ ዝም ካለ ጣት ብቻውን ይሠራል፣ ጣት ብቻውን ከሠራ ይበረታል የሚል ነው። ነገር ግን ጣት ብቻውን አይኖርም። ከእጅ አንጓ፣ ከክንድና ከትከሻ ጋር በጅማት የተሳሰረ ነው። ያንን ትስስር በግድ የሚለያይ ልምምድ ከጥንካሬ ይልቅ ሕመም ሊያመጣ ይችላል።

ሾፓን፦ ልምምድን ወደ ዜማ የመለሰ ወጣት

በ1831 መጸው ፍሬዴሪክ ሾፓን የተባለ የ21 ዓመት ፖላንዳዊ ወጣት ፓሪስ ገባ። ካልክብሬነር ሲጫወት ሰምቶ ተደነቀ። ካልክብሬነርም የወጣቱን ችሎታ ካየ በኋላ ሦስት ዓመት በእርሱ ሥር እንዲማር ሐሳብ አቀረበለት። ሾፓን በጉዳዩ ላይ ከቤተሰቡና ከቀድሞ መምህሩ ጋር በደብዳቤ ተመካከረ፤ በመጨረሻም በራሱ መንገድ ለመሄድ ወሰነ። በሻንጣው ውስጥ አስቀድሞ የጀመራቸው ኤትዩዶች ነበሩ። በ1833 በኦፐስ 10 ሥር 12 ኤትዩዶች፣ በ1837 ደግሞ በኦፐስ 25 ሥር ሌሎች 12 አሳተመ።

እነዚህ 24 ድርሰቶች እያንዳንዳቸው አንድ ግልጽ የእጅ ችግር ይዘው ይነሣሉ። በኦፐስ 10 የመጀመሪያው ቀኝ እጅ በሰፊው ተከፍቶ የኮርድ ድምፆችን አንድ በአንድ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች እንዲመላለስባቸው ያስገድዳል። ሁለተኛው ከአምስቱ ጣቶች ደካማ የሚባሉትን መካከለኛውን፣ የቀለበቱንና ትንሿን ጣት ለፈጣን ሩጫ ይመርጣል፤ በዚያኑ ጊዜ የቀሩት የቀኝ እጅ ጣቶች ኮርድ ይመታሉ። አምስተኛው ቀኝ እጅን በጥቁሮቹ ቁልፎች ላይ ያለማምዳል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይለያል። ዝግ ያለ ነው፤ ፍጥነትን የሚያለማምድ አይመስልም። ችግሩ ያለው እዚያው ላይ ነው። ቀኝ እጅ ብቻውን ሁለት ሰው እንዲሆን ይጠየቃል። የላይኞቹ ጣቶች ዜማውን ይይዛሉ፤ የታችኞቹ ያጅባሉ። የአንዱ እጅ ግማሽ ጎልቶ፣ ግማሹ ለዝቦ መጫወት አለበት። ሾፓን በመጀመሪያ በጽሑፉ ላይ ፈጣን የሚል ምልክት አኑሮበት ነበር፤ ሲያሳትመው ግን ዝግ ያለ እንዲሆን ለወጠው። በዚህ ድርሰት ጸሐፊው ዜማን ማዘመር ራሱ ጥናት የሚገባው ቴክኒክ መሆኑን በግልጽ አሳየ። በኦፐስ 25 ሰባተኛው ኤትዩድም ተመሳሳይ ሐሳብ አለው፤ በዚያኛው ዋናውን ዜማ የሚሸከመው ግራ እጅ ነው።

ሾፓን ኑሮውን የሚመራው በአብዛኛው በማስተማር ነበር፤ ዘዴውም ከዘመኑ ልማድ ይለያል። ብዙ መምህራን በነጮቹ ቁልፎች ብቻ በሚጫወተው የሲ ሜጀር ስኬል ይጀምሩ ነበር፤ ለንባብ ቀላል ነውና። ሾፓን ግን ለእጅ የሚመቸው ረጃጅሞቹ ጣቶች ከፍ ባሉት ጥቁር ቁልፎች ላይ፣ አጫጭሮቹ በነጮቹ ላይ ሲያርፉ መሆኑን አስተዋለ። ስለዚህ ጥቁር ቁልፎች የሚበዙበትን ስኬል አስቀድሞ ያስተምር ነበር። ጣቶችን ሁሉ እኩል ለማድረግ መታገልንም አልወደደም። ለእርሱ እያንዳንዱ ጣት የራሱ መጠንና ጠባይ አለው፤ ጥበቡም ያንን ልዩነት ማጥፋት ሳይሆን መጠቀም ነው። ተማሪዎቹ ታላላቅ ዘማሪዎችን እንዲሰሙ ይመክር ነበር። በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ እንዳይለማመዱም ያስጠነቅቅ እንደ ነበር ተማሪዎቹ አስታውሰዋል።

ለትንንሽ እጆች፦ የቡርግሙለር 25 ሥዕሎች

የሾፓንን ኤትዩዶች ለመጫወት አስቀድሞ የበሰለ እጅ ያስፈልጋል። ጀማሪው ልጅስ? ለእርሱ የሚሆነውን መልስ የሰጠው ከሾፓን ያነሰ ዝና ያለው፣ ነገር ግን በልጆች ዘንድ ከብዙዎች የቀረበ ደራሲ ነው። ፍሪድሪሽ ቡርግሙለር በ1806 በጀርመን ሬገንስቡርግ ከሙዚቀኛ ቤተሰብ ተወለደ። ከ1832 ጀምሮ በፓሪስ ኖረ። ለባሌ ዳንስ ሙዚቃ ጽፏል፤ በ1841 በፓሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ በታየው “ጂዜል” በተሰኘው ዝነኛ ባሌ ውስጥም የገባ ሥራ አለው። ስሙን እስከ ዛሬ ያቆየው ግን በ1851 የታተመው ኦፐስ 100 ነው።

ስብስቡ ቀላል የሆኑና ቀስ በቀስ እያደጉ የሚሄዱ 25 ኤትዩዶችን ይዟል። ደራሲው በርዕሱ ላይ ለትንንሽ እጆች ስፋት ታስበው እንደተጻፉ፣ የትኛው ጣት የትኛውን ቁልፍ እንደሚነካም እንደተመለከተባቸው ገልጿል። እያንዳንዱ የራሱ ስም አለው። ቅንነት፣ የእረኞች ዜማ፣ ንጹሕ ጅረት፣ አደን፣ ለጋ አበባ፣ ስንብት፣ መጽናናት፣ ለፍላፊዋ፣ ጭንቀት፣ የመላእክት ኅብረ ድምፅ፣ ጨረባ የምትባለዋ ወፍ… ልጁ “የልምምድ ቁጥር 7” ከሚል ርዕስ ይልቅ “ንጹሕ ጅረት” የሚል ሲያይ ጣቱ ምን ዓይነት ድምፅ ማውጣት እንዳለበት አስቀድሞ በልቡ ይሰማዋል።

ስሙ ለጌጥ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ቴክኒኩን ራሱን ያስረዳል። ጅረቱ ሳይደናቀፍ እንዲፈስ ፈጣኖቹ ድምፆች ሁሉ ቀላልና እኩል መሆን አለባቸው። “ጭንቀት” በተሰኘው ቀኝ እጅ ከግራው ቀጥሎ በአጭር በአጭሩ ይቆራረጣል፤ የተቆራረጠው ትንፋሽ የጭንቀት ትንፋሽ ነው። ልጁ ግን ሳያውቀው ሁለቱን እጆች በፍጥነት ማፈራረቅ ይማራል። “ባላድ” በተባለው ዜማውን የሚያመጣው ግራ እጅ ሲሆን ቀኙ ከላይ ሆኖ በኮርድ ያጅባል፤ በዚህም ልጁ ዜማ ሁልጊዜ በቀኝ እጅ እንደማይገኝ ይረዳል። የወፏ ኤትዩድ ደግሞ ግራ እጅን ከቀኙ በላይ እያሻገረ ያዘልለዋል፤ የወፏን በረራ እየተከተለ ክንድ መዝለልን ይለምዳል።

ሄለር፦ መድረክን ትቶ ለተማሪ የጻፈ

ከቡርግሙለር ቀጥሎ ተማሪውን ወደ ጥልቅ ስሜት የሚያሸጋግረው እስጢፋን ሄለር ነው። በ1813 በሃንጋሪ ፔሽት ተወለደ። ገና በልጅነቱ ድንቅ ችሎታ ስላሳየ ከቼርኒ ዘንድ እንዲማር ወደ ቪየና ተላከ። የቼርኒ ክፍያ ግን ለቤተሰቡ አቅም ከበደ፤ ስለዚህ አንቶን ሃልም ከተባለ ሌላ መምህር ተማረ። ከዚያ በኋላ አባቱ ከከተማ ከተማ እያዘዋወረ በመድረክ እንዲጫወት አደረገው። በሃንጋሪ፣ በፖላንድና በጀርመን የተደረገው ያ ረጅም ጉዞ የወጣቱን ጤና ሰበረው። አውግስቡርግ ሲደርስ መቀጠል አልቻለም፤ በዚያው በደጋፊዎች እርዳታ ተቀመጠ።

የሄለር ዕጣ ከሹማን ጋር ይመሳሰላል። ሁለቱም በወጣትነታቸው የተጎዱ ናቸው፤ ሁለቱም ከመድረክ ይልቅ ወደ ብዕር አዘነበሉ። ሹማን በሚያዘጋጀው የሙዚቃ መጽሔት የሄለርን ሥራ አድንቆ ጽፎለታል። ሄለር በ1838 ወደ ፓሪስ ሄዶ እያስተማረና እየጻፈ ኖረ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዓይኑ ሲደክም እንግሊዛዊው ገጣሚ ሮበርት ብራውኒንግን ጨምሮ ወዳጆቹ ገንዘብ አሰባስበው ደገፉት። በ1888 በፓሪስ አረፈ።

በ1840ዎቹ ያወጣቸው ሦስት ስብስቦች ማለትም 25 ኤትዩዶችን የያዘው ኦፐስ 45፣ 30 የያዘው ኦፐስ 46 እና ሌሎች 25 የያዘው ኦፐስ 47 በድምሩ 80 ድርሰቶች ናቸው። ቁጥሩ እያደገ ቢሄድም ከሦስቱ ለጀማሪ የሚቀርበው ኦፐስ 47 ነው፤ ዓላማውም የምትንና የስሜት ገለጻን ማዳበር እንደሆነ በርዕሱ ላይ ተገልጿል። ይህ ዓላማ ራሱ አዲስ ነገር ነው። የጣትን ፍጥነት ከመጥቀስ ይልቅ ተማሪው ምትን እንዲሰማውና ሐረግን እንዲያስረዳ ይጠይቃልና። በኦፐስ 45 በብዛት የሚታወቀው ሁለተኛው ኤትዩድ ሩጫውን በሁለቱ እጆች መካከል እያቀባበለ በኮርድ ይዘጋዋል። ሁለቱ እጆች ርክክባቸው ሳይሰማ እንደ አንድ እጅ መሆን አለባቸው። ይህም ልጅ ዱላ ሲቀባበል እንደሚሮጥበት ውድድር ነው፤ ርክክቡ ከተንገዳገደ ሩጫው ይበላሻል።

አንድን ኤትዩድ እንዴት ማጥናት ይቻላል?

የእነዚህን ድርሰቶች አሠራር በቅርብ ለማየት የቡርግሙለርን ሁለተኛ ኤትዩድ “አራቤስክ” እንውሰድ። በዓለም ዙሪያ ጀማሪዎች ከሚወዷቸው አንዱ ነው። ግራ እጅ በአጫጭር ኮርዶች ይጀምራል። ቀጥሎ ቀኝ እጅ ይገባል፤ አራት ፈጣን ድምፆች ተከታትለው ይሮጡና በአምስተኛው ላይ ያርፋሉ። ይኸው ቅርጽ ከፍ እያለ ይደጋገማል። በመካከሉ ግራ እጅ ተራውን ይቀበልና ያንኑ ሩጫ ይሮጣል።

ይህን ድርሰት እንደ ደረቅ ልምምድ የሚያይ ተማሪ አምስቱን ድምፆች በአንድ ዓይነት ጉልበት ይደበድባቸዋል፤ እጁም ቶሎ ይደክማል። በዜማ የሚያየው ተማሪ ግን የሚከተለውን ያደርጋል።

በመጀመሪያ ሐረጉን በአፉ ያዜመዋል። ሲያዜመው አራቱ ድምፆች ወደ አምስተኛው እንደሚገሠግሡና በዚያ እንደሚያርፉ ይረዳል። ያ ዕረፍት ለእጅም ዕረፍት ነው፤ በእያንዳንዱ ሐረግ መጨረሻ የእጅ አንጓ ይላላል፤ ድካም አይከማችም። የዜማው ትንፋሽና የጡንቻው ዕረፍት በአንድ ቦታ መገናኘታቸው ደራሲው አስቦ ያደረገው ነው።

በሁለተኛ ደረጃ እጆቹን ለየብቻ፣ እጅግ ዝግ አድርጎ ይለማመዳል። በዝግታ የተሳሳተ ጣት በፍጥነት አይታረምም። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” የሚለው ብሂል ለፒያኖ ተማሪ የተነገረ ይመስላል።

በሦስተኛ ደረጃ አስቸጋሪውን ቦታ ለይቶ ያወጣል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሥር ጊዜ ከመደጋገም የሚያደናቅፉትን ሁለት መስመሮች ብቻ በጥሞና አምስት ጊዜ መሥራት ይበልጣል። በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ረጅም ልምምድ ከማድረግም በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ መለማመድ ይሻላል።

በመጨረሻ ሁለቱን እጆች ያገናኛል፤ የግራው ኮርድ ዜማውን እንዳይሸፍን ጆሮውን ይሰጣል። ፍጥነት የሚጨምረው ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው። በማንኛውም ጊዜ እጅ ቢያም ማቆም ግድ ነው። የድካም ስሜት ከዕረፍት ጋር ያልፋል፤ ሕመም ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ሕመሙ ከቀጠለ ሐኪም ማማከር እንጂ በብርታት አልፈዋለሁ ማለት አይገባም።

የመማሪያው ቅደም ተከተል እንደ መምህሩ ይለያያል። ብዙዎች ግን ከቡርግሙለር ኦፐስ 100 ጀምረው ወደ ሄለር ኦፐስ 47፣ 46 እና 45 ይሻገራሉ፤ ጎን ለጎንም ከቼርኒ ጥቂት ይመርጣሉ። የሾፓን ኤትዩዶች የሚመጡት ከዓመታት በኋላ ነው።

መንገዱ ከእኛ ጋር የሚገናኝበት

ይህ የአውሮፓ ትምህርት ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በ1923 በአዲስ አበባ የተወለዱት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ሙዚቃ ተምረዋል፤ በኋላም በካይሮ በአንድ ፖላንዳዊ ሙዚቀኛ ሥር ትምህርታቸውን ቀጥለዋል። ከምንኩስናቸው በኋላ ያቀረቧቸው የፒያኖ ድርሰቶች የአውሮፓን የፒያኖ አጨዋወት ከአገራችን ዜማ ጋር ያገናኙ ናቸው። በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው አርፈዋል። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋም በአዲስ አበባ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በቡልጋሪያ ሶፊያ ተምሯል፤ በመድረክ የአውሮፓን ክላሲካል ሥራዎችና በአገራችን ቅኝቶች ላይ የተመሠረቱ የራሱን ድርሰቶች ይጫወታል። በሁለቱም ሥራ ፒያኖው ሲዘምር የሚሰማው የጣት ቴክኒክ ለዜማ ስለተገዛ ነው።

በከተሞቻችን ብዙ ልጆች የሚጀምሩት በኤሌክትሪክ ኪቦርድ ነው። ለመጀመር አይከለክልም። ይሁን እንጂ ለእነዚህ ጥናቶች የሚሆነው ኪቦርድ ቁልፉ በለዘብታ ሲነካ ለስላሳ፣ በኃይል ሲመታ ጠንካራ ድምፅ የሚሰጥ መሆን አለበት። ይህ ከሌለ ልጁ ዜማን ከአጃቢ መለየትን ሊማር አይችልም። የጽሑፉ ነገር ግን አያሳስብም። ቡርግሙለር፣ ሄለር፣ ቼርኒም ሆኑ ሾፓን ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነ በዘመናቸው የታተሙት የሥራዎቻቸው ኖታዎች ከሕግ ገደብ ነፃ ናቸው፤ በበይነ መረብም በነፃ ይገኛሉ።

ወደ ሹማን እንመለስ። ጣቱ ከተጎዳ በኋላ ሙሉ ኃይሉን ለድርሰት ሰጠ። ሥራዎቹን በመድረክ ያስተዋወቀችለት የመምህሩ ልጅ፣ በኋላም ባለቤቱ የሆነችው ታላቋ ፒያኒስት ክላራ ናት። በ1848 ለትልቋ ልጁ ለማሪ ሰባተኛ ዓመት ልደት ጥቂት ትንንሽ ድርሰቶችን ጻፈ። እነርሱም አድገው ለወጣቶች የተዘጋጁ 43 ድርሰቶችን የያዘው ኦፐስ 68 ሆኑ። ቀጥሎም ለወጣት ሙዚቀኞች ምክር አዘጋጀ። በምክሩ ድምፅ በሌለው ቁልፍ ላይ ጣትን ማለማመድ እንደማይጠቅም፣ ከባዱን በድካም ከመጫወት ቀላሉን አሳምሮ መጫወት እንደሚበልጥ አስገነዘበ።

በወጣትነቱ ጣቱን በመሣሪያ ለማጠንከር የሞከረው ሰው፣ አባት ከሆነ በኋላ ለልጁ በመሣሪያ ፈንታ ዜማ ሰጣት። ልጁን ፒያኖ ለማስተማር የሚያስብ ወላጅም ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ሊወስድ ይችላል። ልጁ ስንት ሰዓት እንደተለማመደ ከመጠየቅ በፊት ዛሬ የተለማመደውን ሐረግ በአፉ እንዲያዜም ይጠይቀው። ማዜም ከቻለ ጣቱ መንገዱን ያገኛል።